ባሕር ያቆየው አበባ

(የመግቢያ ሙዚቃ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አበባ ነው፤ ያውም ጊዜው አልፏል ከተባለ በኋላ ስለሚፈካ አበባ። የምንሄደው ሩቅ ነው፤ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ። እግረ መንገዳችንን ግን የቡና ማሳ፣ የሙዝ መጋዘንና የአደይ አበባ ዘመድ ስለምናገኝ፣ መንገዱ እንግዳ አይሆንባችሁም።

ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከኮርንዎል ምድር 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውቅያኖሱ ገባ ብሎ፣ ሲሊ የሚባሉ ትናንሽ ደሴቶች አሉ። ከእነዚህ አንዷ ትሬስኮ ትባላለች። ትሬስኮ ላይ፣ በፈራረሰ የጥንት ገዳም ግንብ ዙሪያ፣ 7 ሄክታር ያህል የሚሰፋ የአትክልት ሥፍራ አለ። በፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ፣ በእኛ ታኅሣሥ አጋማሽ፣ እዚያ ፀሐይ የምትታየው 8 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የቀረው እንግሊዝ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ፣ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ፣ አትክልተኛው መቆፈሪያውን ሰቅሎ ቤቱ ገብቷል። ትሬስኮ ውስጥ ግን በዓመቱ አጭር ቀን ከ300 በላይ ዕፅዋት አብበው ይገኛሉ። እኛ በረንዳ ላይ በቆርቆሮ የምንተክለው ጄራንየም እዚያ ሜዳ ላይ፣ ያለ መጠለያ፣ ቀይ አበባውን እንደያዘ የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት ይቀበላል።

በዚያ ደሴት ከሚያድጉት መካከል አንዱ ስሙ ያስደነግጠናል። እንደ ቀንድ የተጠቀለለ፣ መሐሉ ላይ ቢጫ ጣት የመሰለ ነገር የቆመበት፣ ለሠርግና ለቀብር የሚፈለግ ነጭ አበባ ነው። የሳይንስ ስሙ ዛንቴዴሺያ ኢትዮፒካ ይባላል። «ኢትዮፒካ» ሲባል የእኛ ሊመስለን ይችላል፤ አይደለም። የትውልድ አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 ይህን ቅጽል ሲሰጠው፣ የድሮ ግሪኮችና ሮማውያን ከግብፅ በታች ያለውን የአፍሪካ ምድር ሁሉ «ኢትዮጵያ» የሚሉበትን ልማድ ተከትሎ ነበር። ይህ አበባ ውርጭ በማይነካው ዳርቻ የብርዱን ወራት ለምለም ሆኖ ያሳልፋል፤ ሲሊ ላይ ከአትክልት ሥፍራ አምልጦ በየቦዩ ዳር በራሱ እስከ መብቀል ደርሷል።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው። እነዚህ አበቦች ምን ነካቸው? ጊዜ ጠፋባቸው? ወይስ እኛ የማናየውን ነገር ያያሉ?

መልሱን ከባሕሩ እንጀምር። ምጣድ እሳት ሲነድበት ቶሎ ይግላል፤ እሳቱ ሲወጣ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ውሃ የሞላ ጋን ግን ለመሞቅ ብዙ እንጨት ይፈጃል፤ አንዴ ከሞቀ በኋላም እስኪበርድ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ምድርና ባሕርም እንዲሁ ናቸው። ምድር የበጋ ፀሐይን ተቀብላ በጥቂት ሳምንት ትመልሳለች። ባሕር ግን ያጠራቅማል። በሲሊ ዙሪያ ያለው ባሕር የዓመቱን ከፍተኛ ሙቀት የሚይዘው ቀኑ በረዘመበት በጁን ሳይሆን ዘግይቶ፣ በኦገስትና በሴፕቴምበር ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ሙቀት ቀስ በቀስ ይለቀዋል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት፣ ከ3000 ሜትር ኩብ በላይ አየር በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ በዚያ ሰፊ ውሃ ላይ ሲያልፍ ሙቀቱን ይዞ ደሴቶቹ ላይ ያራግፈዋል። ከሐሩር አካባቢ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዘው የውቅያኖስ ጅረትም በዚህ ላይ ሙቀት ይጨምርበታል።

የባሕሩን ውለታ ለማወቅ ሲሊን ከአንድ ከተማ ጋር ማወዳደር ይበቃል። የካናዳዋ ዊኒፔግ ከሲሊ ጋር እኩል ናት፤ ሁለቱም ከምድር ወገብ 50 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ይርቃሉ፤ የሚያገኙት ፀሐይ አንድ ነው። ዊኒፔግ ግን መሐል አገር ናት። በጃንዋሪ አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 16 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ሲሊ በዚያው ወር ከዜሮ በላይ 8 ዲግሪ አካባቢ ናት። የ24 ዲግሪ ልዩነት! ይህን ሁሉ ያመጣው ውሃው ነው።

ነገር ግን ባሕር ሰጥቶ የሚነሳም ነው። ሙቀት ያመጣው ነፋስ ጨውም ያመጣል፤ ቅጠል ያቃጥላል፤ ቅርንጫፍ ይገነጥላል። አውጉስተስ ስሚዝ የተባለው ሰው በ1834 ደሴቶቹን ተከራይቶ ትሬስኮ ላይ መኖር ሲጀምር፣ ቦታው ነፋስ የሚጫወትበት ራቁት ምድር ነበር። መጀመሪያ ነፋሱን እንዲሰብርለት ቢጫ አበባ ያለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ዘራ። ቀጥሎ የካሊፎርኒያ ጥድና የፈረንጅ ጽድ በረድፍ በረድፍ ተተከለ። አበባው የለማው በእነዚህ ዛፎች ከለላ ነው። ዛፎቹ ባይኖሩ ኖሮ የባሕሩ ሙቀት ብቻውን አንድም ፍሬ ነገር ባላደረገ ነበር። ሙቀቱም መከላከያውም ሁልጊዜ እንደማይበቁ ግን በኋላ ታየ። በጃንዋሪ 1987 ደሴቷ ላይ የማትለምደው በረዶና ጽኑ ውርጭ ወርዶ እጅግ ብዙ ተክል ገደለ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1990፣ ከባድ ወጀብ መጣና አብዛኞቹን የነፋስ መከላከያ ዛፎች ገነደሳቸው። ሠራተኞቹ የወደቀውን ግንድ ጠርገው አዲስ መከላከያ ዛፍ ተከሉ። ዛሬ የምናወራለት አበባ የዚያ ድጋሚ ተከላ ፍሬ ነው።

ባሕሩ እንግዲህ የሚሰጠው ዕድሜ ነው። ውርጭን ያዘገያል። ግን ተክሉ የተሰጠውን ዕድሜ አበባ እንዲያወጣበት የሚያዘው ማን ነው? እዚህ ላይ ወደ ሌሊቱ እንመጣለን፤ እውነቱን ለመናገር ከዛሬው ዝግጅት ሁሉ እኔን አብልጦ የሚያስደንቀኝም ይህ ክፍል ነው።

ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያዋ አርሊንግተን፣ ከመቶ ዓመት በፊት የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምርምር እርሻ ነበረ። ጋርነርና አላርድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎችን እዚያ አንድ የትምባሆ ዓይነት አስቸገራቸው። ሜሪላንድ ማሞዝ ይባላል። በበጋ ከሰው ቁመት እጥፍ በላይ ይመዘዛል፤ ቅጠል በቅጠል ላይ ይደርባል፤ አበባ ግን እምቢ ይላል። አበባ ከሌለ ዘር የለም። ያንኑ ትምባሆ በብርዱ ወራት ግሪንሃውስ ውስጥ ሲያሳድጉት ደግሞ ገና በድንክነቱ ያብባል። ሙቀቱን ለዋወጡ፤ ውሃውን ለዋወጡ፤ አፈሩን ለዋወጡ፤ ምክንያቱ አልገኝ አለ። በመጨረሻ ብርሃን የማይገባበት ትንሽ ጎጆ ሠሩ። በበጋው መሐል፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ተክሎቹን እዚያ ጨለማ ውስጥ ያስገቧቸዋል፤ በማግስቱ ረፈድ ሲል ያወጧቸዋል። ትምባሆው አበበ። ተክሉ የሚጠብቀው ሙቀትም ዝናብም አልነበረም፤ የቀኑን ማጠር ነበር። ይህን በ1920 ለዓለም አሳወቁ።

ቆየት ብሎ ደግሞ ሌላ ነገር ተደረሰበት። ተክሉ የሚለካው የቀኑን ርዝመት ሳይሆን የሌሊቱን ነው። ረጅም ሌሊት የሚፈልግ ተክል በእኩለ ሌሊት ለጥቂት ደቂቃ መብራት ቢበራበት፣ ሌሊቱ ለሁለት ይቆረጥበትና አበባውን ይተወዋል። በቅጠሉ ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ብርሃን የሚያውቅ ቀለም አለ። ቅጠሉ የጨለማውን ርዝመት ይለካል፤ «ደርሷል» ሲል መልእክቱ በግንዱ ውስጥ አልፎ ወደ ጫፍ ይደርሳል፤ ጫፉም ቅጠል ማውጣቱን ትቶ እንቡጥ መሥራት ይጀምራል።

እኛ ይህን የምናስተውልበት አጋጣሚ ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅም ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ለዚህ ነው ወቅትን በዝናብ እንጂ በሌሊት ርዝመት የማንቆጥረው። ትሬስኮ ላይ ግን ልዩነቱ 8 ሰዓት ያህል ነው። እዚያ ሌሊቱ የማያሳስት የቀን መቁጠሪያ ነው።

አሁን ዘመዳችንን ላስተዋውቃችሁ። የዛፍ ዳሊያ ትባላለች። አገሯ ሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ተራሮች ነው። ከአደይ አበባ ጋር ከአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ፣ ያውም ከዚያው ቤተሰብ አንድ ቅርንጫፍ ይወለዳሉ። ቁመቷ ግን ሌላ ነው። በጸደይ ከመሬት ብቅ ትልና እስከ ኅዳር ድረስ 4 ሜትር፣ 5 ሜትር ትመዘዛለች። ጠጋ ብላችሁ ግንዷን ብትመለከቱ እንደ ቀርከሃ አንጓ አንጓ አለው፤ ሲቆረጥ መሐሉ ባዶ ነው። በበጋው ሁሉ አንዲት አበባ አታሳይም፤ አትክልተኛውም «ይቺስ ለቅጠል ብቻ ነው የተፈጠረችው» ይላል። የመከር ሌሊት መርዘም ሲጀምር ግን ጫፏ ላይ እንደ ሽምብራ ፍሬ የደነደኑ አረንጓዴ እንቡጦች ይሰቀላሉ። ከዚያ ጥቂት ሳምንት ያስፈልጋታል። መሐል አገር ያለች እንደሆነ ያ ጥቂት ሳምንት አይሰጣትም፤ አንድ ሌሊት ውርጭ ይወርድና ጠዋት ላይ ያ ሁሉ ቁመት ጠቁሮ፣ እንደተቀቀለ ጎመን ለስልሶ ይገኛል። ባሕር ዳር ያለችዋ ግን በኖቬምበር፣ ሰማዩ ግራጫ ሆኖ ሳለ፣ የሰው መዳፍ የሚያክል ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ አበባዋን አንገቷን ደፋ አድርጋ ትከፍታለች። መሐሏ ላይ ያለው ቢጫ ዐይን የአደይ አበባን ያስታውሳል።

ባሕር ዳር ያለችውና መሐል አገር ያለችው ዳሊያ የሰሙት ትእዛዝ አንድ ነው፤ «ሌሊቱ ረዝሟል፣ አብቢ» የሚል። አንደኛዋ መፈጸሚያ ጊዜ አገኘች፤ ሌላዋ አላገኘችም። የባሕር ዳር የኋለኛ አበባ ምሥጢር ለእኔ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለውም። አበባው አልተሳሳተም፤ ጊዜውን ጠብቆ መጥቷል፤ ብርቅ የሆነው ውርጭ ስላልቀደመው ብቻ ነው።

ከደቡብ የምድር ክፍል የመጡትን ጠቅሼ ልለፍ። ኔሪን የምትባለው አበባ እንደ ሽንኩርት ያለ ሥር አላት፤ የደቡብ አፍሪካ ልጅ ናት። በትውልድ ቦታዋ ዝናቡ የሚመጣው በብርዱ ወራት ስለሆነ፣ ደረቁን በጋ አፈር ውስጥ ተኝታ አሳልፋ መከር ሲገባ ትነቃለች። በመጀመሪያ የምታወጣው አበባውን ነው፤ ቅጠሉ በኋላ ይመጣል። ባዶ ግንድ ላይ የተቀመጠው ቀይ አበባ ፀሐይ ሲያርፍበት ወርቅ የተነሰነሰበት ይመስላል። የሳይንስ ስሟ ደግሞ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለችው በገርንዚ ደሴት ተሰይሟል። አንዱ አበባ በማያውቃት ኢትዮጵያ ተጠራ፤ ሌላዋ ባልተወለደችባት ደሴት።

እስካሁን ያነሣናቸው ጊዜያቸውን የጠበቁ ናቸው። የሚሳሳትስ የለም? አለ። እነዚህ የጸደይ ዛፎች ናቸው፤ አፕልን የመሰሉ። የሚመጣውን ጸደይ እንቡጥ የሚሠሩት በበጋ ነው። ሠርተው ያስተኙታል። እንዳይነቃ ከሚጠብቁት አንዱ ራሱ ቅጠሉ ነው፤ እንቅልፍ የሚያስወስድ ንጥረ ነገር ከቅጠል ወደ እንቡጡ ይወርዳል። በሰላሙ ጊዜ ቅጠሉ የሚረግፈው ብርዱ ሲመጣ ስለሆነ፣ ጠባቂው ሲሄድ ብርዱ ተረክቦ እንቡጡን ያስተኛዋል። ነገር ግን በሴፕቴምበር ጨው የተሸከመ ወጀብ መጥቶ ቅጠሉን ካቃጠለው፣ ወይም ድርቅ ካራገፈው፣ እንቡጡ ያለ ጠባቂ በሞቃት አየር ውስጥ ይቀራል። ያን ጊዜ ዛፉ በመከር፣ ፍሬውን ገና ሳይጨርስ፣ እንደ ጸደይ ያብባል። ሰው ተአምር ነው ይላል። ዛፉ ግን ለመጪው ዓመት ያስቀመጠውን ዛሬ አወጣ ማለት ነው፤ የዛሬው አበባ ፍሬ አያደርስም፤ በተከፈተው ልክ የጸደዩ አበባ ይጎድላል። እንዲህ ያለ ዛፍ ስታዩ ውሃ ስጡት፣ ሥሩን በገለባ ሸፍኑለት፣ አትግረዙት። የተጎዳ ዛፍ ነውና።

ይህን እንቅልፍ ሰው ለጥቅሙ አውሎታል። በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደጋ ላይ፣ ብርድ በማይበረታበት ቦታ፣ አፕል ተካዮች ቅጠሉን በእጃቸው አራግፈው ዛፉን ያነቁታል። የእኛም ቡና የራሱ እንቅልፍ አለው። እንቡጡ በበጋው ደረቅ ወራት ጸጥ ብሎ ይቆያል፤ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲነካው በዐሥር ቀን ገደማ ማሳው ሁሉ ነጭ ለብሶ ሽታው ከሩቅ ያውዳል። ያለ ጊዜው አንድ ዝናብ ወርዶ ቢጠፋ፣ ቡናውም ተታልሎ ያብባል። የጅማና የሲዳማ ቡና አብቃዮች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

ወደ ሲሊ እንመለስና አበባ ስለሚቀሰቅስ ጭስ ልንገራችሁ። ደሴቶቹ ናርሲስ የሚባል መልካም መዓዛ ያለው ቢጫ አበባ አምርተው ለእንግሊዝ ይሸጣሉ። ሌላው ቦታ ይህ አበባ የጸደይ ነው፤ ሲሊ ላይ ግን ከኖቬምበር ጀምሮ ይቆረጣል። የደሴቱ ገበሬዎች ማሳቸውን ለማጽዳት ገለባ ሲያቃጥሉበት፣ በተቃጠለው በኩል ያለው አበባ ቀድሞ እንደሚወጣ አስተዋሉ። ነገሩ ከእሳቱ ሙቀት ይልቅ ከጭሱ ነበር። በጭስ ውስጥ ኤትሊን የሚባል ጋዝ አለ፤ መሬት ውስጥ የተኛውን ሥር አበባ እንዲሠራ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ኋላ ላይ ማሳውን በላስቲክ ሸፍነው ጭሱን ከሥር ማስገባት ያዙ። ይህ ጋዝ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጥሬ ሙዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የጋዝ ምድጃ ተለኩሶለት ሲበስል፣ ሥራውን የሚሠራው ይኸው ኤትሊን ነው። የመርካቶ ሙዝ ነጋዴና የሲሊ አበባ ገበሬ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ደርሰውበታል።

ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል የሚል ካለ፣ ለንብ ይጠቅማል። በደቡብ እንግሊዝ ጸጉራም፣ ደንዳና፣ ሲበር የሚያጓራ ትልቅ የንብ ዓይነት አለ። ድሮ በብርዱ ወራት ንግሥቲቱ ብቻ አፈር ውስጥ ተኝታ ትከርም ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን በዲሴምበርና በጃንዋሪም ሠራተኞቹ ሲቀስሙ ይታያሉ። የሚመግቧቸው በየግቢው የተተከሉት የኋለኛ አበቦች ናቸው። ስለዚህ እዚያ አገር የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ግቢያችሁ ውስጥ በኅዳር የቀረችውን አንዲት አበባ «አርጅታለች» ብላችሁ አትቁረጧት።

ከ2012 ጀምሮ በብሪታንያና በአየርላንድ በጎ ፈቃደኞች በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሰሞን እየወጡ ያበበውን የዱር ተክል ሁሉ ይቆጥራሉ። በአንዳንዱ ዓመት ከ600 በላይ ዓይነት ተገኝቷል። ሰው በጃንዋሪ አበባ ሲያይ «ጸደይ ቀድሞ መጣ» ማለት ይወዳል። ቆጠራው ያሳየው ግን ሌላ ነው፤ ከተገኙት የሚበዙት ቀድመው የመጡ የጸደይ አበቦች ሳይሆኑ፣ መሄጃቸው ያለፈ የመከር አበቦች ናቸው። ከአዲስ ዓመቱ በፊት የነበሩት ሳምንታት ሞቅ ባሉ ቁጥርም ቁጥሩ ከፍ ይላል።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ይህን በዐይናችሁ ለማየት ትሬስኮ መሄድ የለባችሁም። በብዙ ግቢዎች ጫፉ ላይ ያሉት ቅጠሎች እሳት የመሰለ ቀይ የሚሆኑ፣ ሲሰበር ነጭ ወተት የሚያወጣ ዛፍ አለ፤ ፈረንጆች በድስት ተክለው ለገና የሚያስቀምጡት ነው። እሱም እንደ ዳሊያዋ ረጅም ሌሊት ጠባቂ ነው። እኔ ባደግሁበት ሰፈር አንዱ የመንገድ መብራት ሥር ቆሞ ነበር፤ በየዓመቱ አጥሩ በኩል ያለው ወገኑ ሲቀላ፣ መብራቱ የሚመታው ወገን አረንጓዴ ሆኖ ይዘገያል። ልጆች ሳለን «ግማሹ ታሟል» እንል ነበር። በመጪው ኅዳር በአካባቢያችሁ መብራት አጠገብ የቆመ ቢኖር፣ በሁለቱም በኩል ዞራችሁ ተመልከቱት፤ የትኛው ወገን መቼ እንደቀላ ቀኑን ጻፉና ላኩልን። የላካችሁትን በዚሁ ዝግጅት እናነበዋለን። ደህና ሰንብቱ።